ካናቴራው ላይ ያለው ህትመት ለምን ይላጣል?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጎንደር ውስጥ ያሉ ህትመት ቤቶች ፋታ ያጣሉ። የጥምቀት ካናቴራ ወቅት ነው። የሰፈር ልጆች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ድሮ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች፣ ሁሉም ለከተራ እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። ጥር 11 ያልፋል። ካናቴራው አንዴ ሁለቴ ይታጠባል። ከዚያ የፋሲል ግንብ ጉልላት እየተፈረፈረ ሳፋው ውስጥ ይቀራል። ያሳተመው ሰው "ርካሽ ቀለም ነው የተጠቀሙት" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ቀለሙ ምንም አልሆነም። ወይ በደንብ አልበሰለም፣ ወይ ለዚያ ጨርቅ የሚሆን ቀለም አልነበረም።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመረዳት ስክሪን ህትመት ከመሠረቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ለሚያሳትም ሰውም፣ "ሥራውን ብጀምረውስ" ብሎ ለሚያስብም።

ፍሬም አለ፤ ከእንጨት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ። ፍሬሙ ላይ ስስ መረብ ተወጥሯል። ወንፊት አስቡ። ልዩነቱ የዚህኛው ቀዳዳዎች ምስሉ ባለበት ቦታ ብቻ ክፍት ናቸው፤ የቀረው በሙሉ ተደፍኗል። ቀለም ላዩ ላይ ይፈስና ስኩዊጂ በሚባል እጀታ ባለው ላስቲክ ይጎተታል። ቀለሙ በክፍቱ ቀዳዳ አልፎ ታች ያለው ጨርቅ ላይ ያርፋል። ለአንድ ቀለም አንድ ፍሬም ያስፈልጋል። ሦስት ቀለም ያለው ዓርማ ከሆነ ሦስት ፍሬም ማለት ነው። ዋጋ ሲጠየቅ "ስንት ቀለም ነው?" የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅርጽ ተቆርጦ በወጣበት ወረቀት ቀለም እያሳለፉ ጨርቅ ማስዋብ በቻይናና በጃፓን የቆየ ጥበብ ነው። በዘመናዊ መልኩ ግን የእንግሊዙ ሳሙኤል ሳይመን በ1907 ማንቸስተር ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ያኔ መረቡ ሐር ነበር። ዛሬ ፖሊስተር ነው፤ ይጠነክራል፣ ውሃ ሲነካውም አይረግብም።

መረቡ ቁጥር አለው። 43 ከተባለ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 43 ክሮች አሉ ማለት ነው። አሜሪካኖች የሚቆጥሩት በኢንች ስለሆነ ያንኑ መረብ 110 ይሉታል። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህን ካላወቀ ሌላ መረብ ይደርሰዋል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዙ ቀለም ያልፋል። ለካናቴራ፣ በተለይ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ለማተም፣ 43 አካባቢ ጥሩ ነው። ጥቃቅን መስመር ላለው ሥዕል 77 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ጣጣ አለው። ሌ፣ ቤ፣ ኬ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ተመልከቱ። ጽሑፉ ትንሽ ሆኖ መረቡ ሰፊ ከሆነ ቀለሙ ዙሪያዋን ይሰፋና ቀለበቷ ትደፈናለች። ከሩቅ ጥቁር ነጥብ ትመስላለች። ኮምፒውተር ላይ ያማረ ጽሑፍ ካናቴራ ላይ ሲወጣ የሚያስቀይመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ማተለቅ፣ ቀጭን ሳይሆን መካከለኛ ውፍረት ያለው የፊደል ዓይነት መምረጥ፣ መረቡንም ከፍ ማድረግ። ዲዛይን የሚሠራው ልጅና የሚያትመው ልጅ አስቀድመው ቢነጋገሩ ብዙ ካናቴራ ይተርፋል።

አሁን ቀዳዳው እንዴት ነው ምስሉ ባለበት ብቻ ክፍት የሚሆነው? ይህ ከሥራው ሁሉ እኔን በጣም የሚማርከኝ ክፍል ነው።

ኢማልሽን የሚባል ወፍራም ፈሳሽ አለ። ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል። ብርሃን ያላገኘው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። መረቡ በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ይለቃል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ኢማልሽኑ በሁለቱም በኩል በስሱና እኩል ይቀባል። ክፍሉ ጨለም ያለ መሆን አለበት፤ ቢጫ አምፖል ግን ችግር የለውም። ፍሬሙ ተጋድሞ እንዲደርቅ ይተዋል። "ደረቀ" ስል በእውነት መድረቅ አለበት። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሲውል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ኢማልሽን ብርሃን ቢመታውም በደንብ አይጠነክርም። 20 ካናቴራ ከታተመ በኋላ መሃል ላይ መበሳት ይጀምራል። ቬንትሌተር የሚነፍስበት ዝግ ክፍል ብዙ ይረዳል።

ከዚያ ፊልሙ ይመጣል። ምስሉ ድቅድቅ ባለ ጥቁር በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል። ፊልሙ ከደረቀው ኢማልሽን ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ መስታወት ይጫናል፣ ከላይ ብርሃን ይለቀቅበታል። ጥቁሩ ብርሃኑን ይከለክላል፤ በዚያ ሥር ያለው ኢማልሽን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። የቀረው ይጠነክራል። በውሃ ሲታጠብ ለስላሳው ይወርዳል፣ የግንቡ ቅርጽ መረቡ ላይ ቀስ እያለ ይከፈታል። ፊልሙ ከመረቡ ራቅ ካለ ብርሃን ከጎን ሾልኮ ይገባል፣ የመስመሩም ጠርዝ ይበላሻል። ጥቁሩ ፈዘዝ ካለ ደግሞ ብርሃን ያሳልፍና ምስሉ አልታጠብ ብሎ ያስቸግራል።

የብርሃኑ ጊዜ ነው ትልቁ ጉዳይ። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ "ይህን ያህል ደቂቃ" የሚል አይቶ ይሞክራል። የሚጠነክርበት ጊዜ ግን በኢማልሽኑ ዓይነት፣ በቀባነው ውፍረትና በብርሃኑ ጉልበት ይለያያል። ፎቶፖሊመር የሚባለው ኢማልሽን በሰከንዶች ሊበቃው ይችላል፤ ዲያዞ የሚባለው ረዘም ይላል። በፀሐይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቦታው ራሱ ልዩነት ያመጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ኢማልሽኑን የሚያጠነክረው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጥር እኩለ ቀን ፀሐይ ደግሞ ደመና አይጋርዳትም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው የጻፈው ደቂቃ እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ሙከራ ይሠራል። ፍሬሙን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ትንሽ ትንሽ እየገለጡ፣ አንዱ ክፍል 10 ሰከንድ፣ ቀጣዩ 20፣ ቀጣዩ 30 እያገኘ ይሄዳል። ሲታጠብ የትኛው ክፍል ጥርት ብሎ እንደወጣ ይታያል። ያቺ ቁጥር ግድግዳ ላይ ትጻፍ። አንድ ፍሬም ያባክናል፤ የዓመት ራስ ምታት ግን ይቀንሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ፍሬሙን ብርሃን ከማስመታት በፊት ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ብርሃን የመታው ፍሬም ውሃ እስኪመጣ እየተባለ አይቆይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድሮ ኢማልሽን ቤት ውስጥ ሲዘጋጅ ባይክሮሜት የሚባል ብርቱካናማ ኬሚካል ይገባበት ነበር። ካንሰር የሚያመጣ፣ ቆዳ የሚያቆስል ነገር ነው። "ርካሽ ነው" ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ እባካችሁ አትግዙ። የዛሬዎቹ ዝግጁ ኢማልሽኖች ያለ እሱ ይሠራሉ።

ማተሙ ራሱ ከሚታሰበው በላይ ፈጣን ነው። ካናቴራው ጣውላ ላይ ይለብሳል፣ እንዳይንሸራተት ቀለል ያለ ማጣበቂያ ይቀባለታል። ፍሬሙ ጨርቁን ተኝቶበት መሆን የለበትም፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ስኩዊጂው ሲያልፍ መረቡ ለአፍታ ጨርቁን ይነካና ወዲያው ተመልሶ ይነሳል። ጠርዙ ጥርት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መረቡ ከረገበ አይነሳም፤ ቀለሙን እየጎተተ ያጨማልቀዋል። አዲስ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ በጉልበት ይጫናል። ብዙ መጫን ቀለሙን ወደ ጨርቁ ውስጥ ያሰምጠዋል፣ ምስሉም ይፈዝዛል። በእኩል ኃይል፣ ሳያቆሙ፣ በአንድ ትንፋሽ መሳብ ነው ያለበት።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀለሙ።

ጨርቅ ላይ የሚታተሙት ቀለሞች በብዛት ሁለት ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ፕላስቲሶል ነው። ደቃቅ የፒቪሲ ፕላስቲክ ብናኝ በማለስለሻ ዘይት ውስጥ ተበትኖ ማለት ነው። ውሃ የለውም፣ ስለዚህ በአየር አይደርቅም። ፍሬሙ ላይ ቢያድርም መረቡን አይደፍንም። ለዚህ ነው አታሚዎች የሚወዱት። ጥቁር ላይም ደምቆ ይታያል፤ በእጅ ሲዳሰስ ደግሞ ጎላ ይላል።

ፕላስቲሶል የሚጸናው ሲበስል ብቻ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ብናኙ ዘይቱን ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም እርስ በርሱ ቀልጦ አንድ ሽፋን ይሆናል። ይህ የሚሆነው ለተለመደው ዓይነት 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ችግሩ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀትም ላዩ ሲነካ የደረቀ ይመስላል። እጅ አይዝም። ተጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ውስጡ ግን ገና አልተያያዘም። ሳሙናና ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ሰዉ ለጥምቀት ሲጣደፍ፣ 100 ካናቴራ በአንድ ማታ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ የማብሰያ ጊዜ ነው። ሳፋ ውስጥ የሚቀረው ግንብ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሂት ፕሬስ የሚባለው፣ እያሞቀ የሚጫን ማሽን ያለው ቤት 160 ላይ አድርጎ እንደ ቀለሙ ውፍረት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ቢጫነው ይበቃዋል። ላዩ ላይ የማይጣበቅ ወረቀት ይደረጋል። የቤት ካውያም ይሠራል፤ ግን ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሁሉም ጥግ እኩል ማግኘቱን መከታተል ይፈልጋል። መብራት እየጠፋ እየመጣ ባለበት ሰዓት ደግሞ ማሽኑ እንደገና እስኪግል መጠበቅ አለ። "መብራቱ መጣ፣ እንቀጥል" ተብሎ የገቡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ካናቴራዎች ናቸው ቶሎ የሚላጡት። በሌላ በኩል ማቃጠልም አለ። ፒቪሲ ሲያርር የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። መስኮት ይከፈት።

ሁለተኛው ቤተሰብ ውሃ ላይ የተመሠረተ ቀለም ነው። ማቅለሚያው፣ ከጨርቁ ጋር የሚያጣብቀው ባይንደርና ውሃ ናቸው። ጨርቁ ውስጥ ይገባል፤ ስትዳስሱት ህትመት ያለ አይመስልም። ለነጭና ለደብዘዝ ያለ ጥጥ በጣም ያምራል። በሙቀትና በደረቅ አየር ግን መረቡ ላይ እያለ ይደርቃል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ሥራው ቅልጥፍና ይፈልጋል። እዚህም ያው ስህተት አለ። ውሃው ሲተን ቀለሙ የደረቀ ይመስላል። ባይንደሩ የሚጸናው ግን ሙቀት ሲያገኝ ነው። በካውያ ከሆነ መሃል ላይ ስስ ጨርቅ አድርጎ ለሦስት አራት ደቂቃ በደንብ ማሞቅ ይገባል። ሙቀት ለማግኘት ለሚቸገር ሰው ደግሞ ቀለሙ ውስጥ የሚጨመር ማጽኛ አለ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ያጸናዋል። በእነዚያ ቀናት ግን አይታጠብም።

ጥቁር ጥጥ ላይ ለስላሳ ህትመት የሚፈልግ ደግሞ ዲስቻርጅ የሚባለውን ይጠቀማል። የጨርቁን የራሱን ቀለም የሚያነሳ ኬሚካል ከቀለሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ሲሞቅ ጥቁሩ ይለቅና አዲሱ ቀለም በቦታው ይገባል። ውጤቱ ድንቅ ነው። ሽታው ግን ከባድ ነው፣ አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ቤት ይፈልጋል፣ ካናቴራውም ከመለበሱ በፊት መታጠብ አለበት። ጥጥ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ጥጥም ሆኖ አልለቅ የሚል ቀለም አለ።

አሁን ጨርቁ። አንድ ሰው ቀይ ፖሊስተር ማሊያ ይዞ ይመጣል፤ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ነው፣ ጀርባው ላይ ስሙና ቁጥሩ በነጭ እንዲታተምለት ይፈልጋል። ሲወጣ ነጩ እንደ ወተት ነው። በማግስቱ ሮዝ ሆኗል። አታሚው ቀለም አልቀላቀለም። ፖሊስተር የሚነከርበት ማቅለሚያ ሙቀት ሲያገኝ ወደ ጋዝ ይለወጥና ከክሩ ይወጣል። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ቀለም ውስጥ ይገባል። ለዚህ ለፖሊስተር የተሠራ ቀለም አለ፤ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚበስልና ማቅለሚያውን የሚያግድ። አንዳንዶች ግራጫ ቀለም ከስር ያትሙና ነጩን ከላይ ይደርባሉ። ማሊያ ስታሳትሙ "ወንድሜ፣ ለፖሊስተር የሚሆን ቀለም አለህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። "ቀለም ቀለም ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ጥቁር ካናቴራ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ሲታተም መጀመሪያ ነጭ ከስር ይታተማል፣ ላዩ እስኪጠነክር ትንሽ ይሞቃል፣ ከዚያ ቀለሙ ይደረብበታል። ያለዚያ ቀለሙ ጥቁሩ ውስጥ ይሰጥማል። ሁለቱ ቀለሞች በትክክል መደራረብ አለባቸው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳት ነጩ በጠርዙ ብቅ ይላል።

የግንቡ ጥላ በአንድ ቀለም ያምራል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ላትም ካላችሁ ግን ሌላ ሥራ ነው። የፊታቸው ጥላ፣ የዓይናቸው ዙሪያ፣ የክንፋቸው መደብዘዝ በአንድ ወጥ ቀለም አይወጣም። ምስሉ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል፤ ጨለም ያለው ቦታ ላይ ነጥቡ ይተልቃል፣ ብሩህ ቦታ ላይ ያንሳል። ጋዜጣ ላይ ያለ ፎቶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሚታየው ይኸው ነው። በአንድ ኢንች 45 መስመር ነጥብ ከሆነ መረቡ በአሜሪካኖቹ ቁጥር ቢያንስ አራት እጥፍ፣ ማለትም 180 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በሰፊ መረብ ከተሞከረ ነጥቦቹ ይጠፋሉ፣ መላእክቱም ዓይን አልባ ሆነው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲታተም በጥንቃቄ ቢሠራ ደስ ይለኛል። የሚሠራ ሰው ካልተገኘ ግንቡን ማሳተም ይሻላል።

ለሁሉም ነገር ስክሪን ያስፈልጋል ማለት አይደለም። አምስት ካናቴራ፣ በፎቶ፣ በብዙ ቀለም ከሆነ ዲቲኤፍ ይሻላል፤ ምስሉ ልዩ ፊልም ላይ ታትሞ፣ የማጣበቂያ ዱቄት ተነስንሶበት፣ በሂት ፕሬስ ይለጠፋል። ፍሬም ማዘጋጀት የለም። ነጭ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ሰብሊሜሽን አለ። በ200 ዲግሪ አካባቢ ማቅለሚያው ጋዝ ሆኖ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ፈጽሞ አይላጥም። ጥጥ ላይ ግን አይሠራም። የስክሪን ጥቅም ብዛት ሲመጣ ነው። ፍሬም የማዘጋጀቱ ወጪ ለ10 ካናቴራም ለ300ም አንድ ነው። ለዚህ ነው የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በአንድነት ሲያሳትሙ ዋጋው የሚረክሰው።

ፋብሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መረቡ ተጠቅልሎ የኒኬል ሲሊንደር ይሆናል፣ ቀለሙ ከውስጥ ይገፋል፣ ጨርቁ ሳያቋርጥ በሥሩ ያልፋል። የኔዘርላንዱ ስቶርክ ኩባንያ ይህን ማሽን በ1963 ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የምናየው የጥበብ መልክ የታተመበት ጨርቅም በእንዲህ ዓይነት የፋብሪካ ህትመት ሊሠራ ይችላል። ለመለየት ገልብጡት። ሸማኔው የሠራው ጥለት በጀርባውም የክሩ መንገድ ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስ ጎርበጥ ይላል። የታተመው ጀርባው ነጣ ያለ ነው። ርካሽ በመሆኑ የሚገዛውን ሰው አልወቅስም። በሽመና ዋጋ ሲሸጥ ግን ገዢውም ሸማኔውም ተጎጂ ናቸው።

ካናቴራችሁን ስትረከቡ ሦስት ነገር ሞክሩ። ፕላስቲሶል ከሆነ ህትመቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የበሰለ ይለጠጥና ይመለሳል፣ ያልበሰለ ይሰነጠቃል። ውሃ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እሹት፤ ቀለም ከያዘ አልጸናም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና ወስዶ ቤት በሳሙና ማጠብ ነው። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ትርፍ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቀብዱን ለገና ሳይሆን ከገና በፊት ክፈሉ። ካናቴራው ከተረከባችሁ በኋላ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ካውያ በቀጥታ ህትመቱ ላይ አታሳርፉ፤ ፕላስቲሶል ካውያው ላይ ቀልጦ ይጣበቃል።